በሬውን ለምን ሰረቁ?

እኔም ወግ ደርሶኝ ዶክተር ልባል ነው። ጥናቴ ሌባ ለመስረቅ እንዴት እንደሚወስን ነው። መረጃ ፍለጋ ከደብረ ታቦር ተነስቼ ጉና ወጣሁና፣ በበሬ ስርቆት ታስረው የተፈቱ አዛውንት ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ በሬውን ለምን ሰረቁ?»

«ያንተ መምህር የቱን ይወዳሉ ልጄ? ድህነት፣ አስተዳደግ ወይስ ክፉ ጓደኛ? ቀድመውህ ለመጡት ሁለቱን ሰጥቻለሁ፤ ዶክተር ሆኑ አሉ። ላንተ ድህነት ቀርቶልሃል።»

«እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ!»

ቀና አሉ። «እውነቱንማ፣ በሬ ሰርቄ አላውቅም። ሁሉም ለምን ሰረቅህ ይለኛል እንጂ ሰርቀሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይህን ጻፍልኝ፤ ልጆቼ የሌባ ልጅ ከመባል ይዳኑ።»

የጥናቴ ርዕስ አንዴ ጸድቋል። ለመወሰን ደቂቃም አልፈጀብኝም፤ «ድህነት» ብዬ ጻፍኩ።