ባዳነቱ የጠፋበት መካኒክ

አብዱልቃድር ከሱዳን መጥቶ ቦንጋ ላይ ባጃጅ ሲጠግን፣ ሲያገባ፣ ሲወፍር፣ ባዳነቱን ከመንግሥት በቀር ሁሉም ሰው ረስቶት ነበር። መንግሥት ግን አይረሳም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያበቃ ተቃረበ። የኢትዮጵያ ዜግነት ካላገኘ ጋራዡንም ሚስቱን ለምያንም ጥሎ መሄዱ ነው። አመለከተና፣ ሊያጣሩ ከአዲስ አበባ በመጡት በኢሚግሬሽን ሹሙ በአቶ ማዕረግ ፊት ምስክሮቹን አቀረበ።

ከማንኪራ የመጡት ንብ አናቢው ጋሽ ወልደሥላሴ ቀደሙ።

"ይሄ? የኛው ልጅ ነው እንጂ! እትብቱ የተቀበረው እኔ ጓሮ ነው።"

ባጃጅ ነጂው አብነት ቀጠለ፤ "አንደኛ ክፍል አብረን ነው የተማርነው። ሒሳብ ከኔ ነበር የሚኮርጀው።" አብነት ገና ጢም አላበቀለም፤ አብዱልቃድር ራሰ በራ ነው።

አቶ ማዕረግ መነጽራቸውን አወለቁ። "እዚህ ከተወለደ ዜግነት ምን ያደርግለታል? ይሄ የሱዳን ፓስፖርትስ ከየት መጣ? ነገ ባዳ መሆንህን የሚመሰክር ሰው ካላመጣህ ፋይሉን እዘጋዋለሁ።"

ደጅ ሲወጡ አብዱልቃድር ራሱን ይዞ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?"

"ታዲያ ሰው ፊት ባዳ ነው ብዬ ላዋርድህ? ለምያስ ምን ትለኛለች?"

ከተማውን ቢያስስ፣ እሱን ባዳ የሚል ጠፋ። ሁሉም "ኧረ ነውር ነው!" እያለ መለሰው። የቀሩት ከጋራዡ ጎን ማር የሚሸጡት እትዬ በዛወርቅ ብቻ ናቸው። የባጃጅ ጭስ ማሬን ቤንዚን ቤንዚን አሰኘው ብለው ሰላምታ ከነሡት ቆይተዋል። ባዳነቱን እንዲመሰክሩለት ሲለምናቸው ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ተነሥተው አቶ ማዕረግ ፊት ቀረቡ።

"ባዳ ነው ወይ? ቆጮ ቢቀርብለት ማንኪያ የጠየቀ ሰው ነው!"

"ከመጣ ቆይቷል?" አሉ አቶ ማዕረግ።

"የመጨረሻ ልጄ ጡት ሳይጥል ነው የመጣብኝ፤ ልጁ ዛሬ አራተኛ ክፍል ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ጭስ ስጠጣ!"

"ቋንቋስ ይችላል?"

"በካፊኖኖ ሲመልስልኝ እኮ አፌን ነው የሚያስይዘኝ!"

"ገቢስ አለው?"

"ባጃጅ በሬን ሳይዘጋው የዋለበት ቀን የለ!"

"ወንጀልስ?"

"ሌባ ቢሆንማ ፖሊስ በገላገለኝ!"

አቶ ማዕረግ ሳቃቸውን እየዋጡ ፈረሙ። "የሚጠየቀው ሁሉ ተሟልቷል። ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም።"

"ታዲያ መቼ ነው የሚወስዱት?"

"ወዴት፣ እትዬ? እዚሁ ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን ጎረቤትዎ ነው።"

እትዬ በዛወርቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በደስታ ዕንባ ያቀረረውን አብዱልቃድርን አዩት፤ አቶ ማዕረግንም አዩ።

"እንግዲያውስ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኔን ዜግነት የምመልስበት ቢሮ የት ነው?"