ያልጠበቀው ማሰሪያ

ጡረታ የወጣው መካኒክ ለሞዴል አውሮፕላን የሚሆን፣ ከውሃ ጠርሙስ የማይበልጥ ጄት ሞተር በገዛ እጁ ሠራ። ሞተሩ ግን አመለኛ ነበር፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ቦግ ብሎ ይጠፋል። እሑድ የቀድሞ ባልደረቦቹን ጠርቶ ሊያሳያቸው ሲል ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴም ጠፋበት። ለሞተሩ ነዳጅ የሚሆነውን ላምባ ገዝቶ ወዳመጣለት ወደ ሚስቱ ታናሽ ወንድም በንዴት ዞረና፣ «ውሃ የገባበት ላምባ አምጥተህ አዋረድከኝ!» ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። አማቹ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በማግስቱ ሞተሩን ሲፈታ፣ የነዳጁን ቱቦ ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ላልቶ አየር ሲያስገባ እንደነበር አየ። ያሰረው ራሱ ነው። አጥብቆ ሲሞክረው አምስቴ በተከታታይ ተነሳ። ደስ ሊለው ግን አልቻለም፤ የገዛ ጩኸቱ ጆሮው ላይ አቃጨለበት።

አማቹ አናጺ ነው። መካኒኩ ወደ ሥራ ቤቱ ሲሄድ፣ አማቹ ጀሪካን ይዞ ሲወጣ በር ላይ አገኘው።

«ጋሼ፣ ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነበር። ያኛው ተበላሽቶ ከሆነ ብዬ ከሌላ ማደያ ቀዳሁ።»

«ላምባህስ ንጹህ ነበር። ማሰሪያውን ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ» አለ መካኒኩ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት!» አናጺው ከልቡ ሳቀ።

መካኒኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እሑድ እነዚያኑ ሰዎች ጠርቼ፣ ጥፋቱ የኔ እንደነበር እነግራቸዋለሁ» አለ። ነገራቸውም።