ገበያው ወደ ምስለኔው ደጅ የሄደ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቅድስት ለጂኦግራፊ ፈተና ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ያነበበችውን በአማርኛ እየመለሰች ለራሷ ትደግማለች። «ገበያ የሚመሠረተው ከየአቅጣጫው ለሚመጡ ሰዎች በሚቀርብ፣ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ነው» አለች። ምስሩን አስቀመጥሁ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደንግጣ ቀና አለች። ምስሩም ጥናቱም ቀረና ይህን ነገርኋት።

በጃንሆይ ዘመን ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሰባተኛ ክፍል ልገባ ነበር። ክረምቱን የማሳልፍበት የእናቴ ቤት ግን ከከተማው ርቆ፣ እስቴና ስማዳ በሚዋሰኑበት በኩል ነው። ከቤታችን በታች ካለው ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ደገኛው ገብስና ባቄላውን ጭኖ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላና ጥጡን ተሸክሞ ይወጣል፤ ሁለቱም እኩል ደክመው መሐል ላይ ይገናኛሉ። በክረምት ሜዳው እርጥብ የበግ ጠጉርና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቦታውን ማን እንደመረጠው የሚያውቅ የለም፤ የሰው እግር ነው የመረጠው።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ጥጥ የምትገዛው ማንጠግቦሽ ከምትባል የስማዳ ቆላ ሴት ነው። ማንጠግቦሽ ሕፃን ልጇን አዝላ፣ ጥጧን በራሷ ተሸክማ ትመጣና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቤቷ ትገባለች። እናቴ የተቆላ ሽምብራ ታቆይላታለች። ዋጋ ሲከራከሩ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ሲለያዩ ግን ተሳስመው ነው።

አንድ ቅዳሜ የአካባቢያችን ገዥ የምስለኔው አዋጅ ነጋሪ መጣና ገበያው ከእንግዲህ ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ እንዲቆም መታዘዙን ተናገረ። ዳገቱ የምስለኔው ርስት ነው። የጠላ ቤቱንም የሱቁንም ዳስ ቀድሞ አስጥሎ ኖሯል።

ሽማግሌዎች አቤት ሊሉ ሲሄዱ እናቴ «የገበያ ነገር የሴት ነገር ነው» ብላ ተከተለቻቸው፤ እኔም አብሬያት ነበርሁ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው ነገሩን ዙሪያውን ሲዞሩት አላስቻላትም።

«ጌታዬ፣ ቆለኛው ይህን ዳገት ወጥቶ በቀን ቤቱ አይገባም። ክረምት ደግሞ ወንዙ አለ።»

«አንቺ ሴት፣ ገበያ እግር የለውም፤ እኛ ባቆምነው ይቆማል» አለ ምስለኔው። አሽከሮቹ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ነሐሴ ላይ ማንጠግቦሽ አዲሱን ገበያ ልትሞክር መጣች። መንገዱ ስለረዘመና ዝናቡም ስለበረታ ልጇን እህቷ ዘንድ ትታዋለች። ሦስታችን በጭቃው እየተንሸራተትን ወጣን። ከሰዓት በኋላ በላይኛው ደጋ ዶፍ ወረደ፤ ስንመለስ ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ጠበቀን። በአቅራቢያው ባለች ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተጠለልን። ሲመሽም ሲነጋም አልጎደለም። የማንጠግቦሽ ጡት አግቶ ወተቱ ቀሚሷን አራሰው። «ልጄ እያለቀሰ ነው» ትላለች ደጋግማ። እናቴ ጡቷን እያለበች ወተቱን መሬት ላይ አፈሰሰችላት።

ወንዙ ሲጎድል ማንጠግቦሽ እየሮጠች ሄደች። ወሬው ኋላ ደረሰን። ሕፃኑን ትኩሳት ይዞት ኖሮ፣ እናቱ ስትደርስ ተቀብሯል።

እናቴ ነጠላዋን ለለቅሶ ዘቅዝቃ ምስለኔው ደጅ ሄዳ ነገረችው።

«የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ያጽናት» አላት።

«እግዚአብሔር ገበያ አላዛወረም፣ ጌታዬ» አለችው። አሽከሮቹ ገፍትረው አስወጧት።

ትምህርት ሲከፈት የጂኦግራፊ መምህራችን፣ ከጎንደር የመጣ ወጣት፣ «ሰውና ገበያ አንድ ቦታ ላይ የሚሰባሰቡት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንዱ ውሃ አለ፤ ሌላው ለም መሬት፤ ሌላው መንገድ። እኔ ተነሥቼ «ምስለኔው ስለፈለጉ» አልሁ። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም። ሄዶ ወደ ውጭ አየና በሩን ዘጋ። «ተቀመጪ» አለኝ በቀስታ። ከዚያ የመጽሐፉን መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ እኛም ገለበጥን። ያን ዕለት ከምስለኔው ይልቅ በእሱ ተናደድሁ፤ በሩን የዘጋው እውነት መሆኑን ስላወቀ ነውና።

ቆለኞቹ መምጣቱን ትተው እዚያው ስማዳ ወዳለው የወገዳ ገበያ ዞሩ። እኛ ዘንድ ጥጥ ጠፋ፤ የእናቴ እንዝርት ሥራ ፈታ። ምስለኔው ወደ ሌላ አገር ተሾሞ ሲሄድ እንኳ ገበያው አልተመለሰም፤ ሰው ቤት ሠርቶበት፣ ሱቅ ተተክሎበት ነበር። ዛሬ ትንሽ ከተማ ሆኗል። ለምን እዚያ እንደተቆረቆረ የሚጠይቅ ቢመጣ ስለ ነፋሻ አየሩ ይነግሩት ይሆናል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ገበያ አልረገጠችም።

ቅድስት ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ለፈተናው ምን ብዬ ልመልስ?» አለች።

«መጽሐፉ ያለውን ጻፊ። ውሸት አይደለም፤ ሰውን ቢተዉት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔን የሚያናድደኝ ‹ተመሠረተ›፣ ‹ተዛወረ› ብሎ ማለፉ ነው። ማን አዛወረው? ማን ተጎዳበት? ይህን የሚጠይቅ ፈተና እስካሁን አላየሁም።»

እርጅና ቁጣን ያበርዳል ይላሉ። እኔን አላበረደኝም፤ እንዲያበርደኝም አልፈልግም።