የኩባንያው አባት

«ኩባንያው የተከሰሰ ቀን ችሎት የሚቆመው ማነው?» አሉ አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ፈረንጁ የወፍጮ ሞተር የሚሸጥ የውጭ ኩባንያ ሰው ነበር። አምቦ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት መጥቶ፣ «አገር ውስጥ የሚኖር ወኪል ካልፈረመ አንመዘግብም» ስለተባለ አጎቴ እንዲፈርሙለት ሊለምን ቤታቸው መጥቷል። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ቅርንጫፉ ከተከፈተ ጸሐፊ ሊያደርገኝ ቃል ገብቶልኛል፤ እስከዚያ ድረስ ግጥም ከመጻፍ በቀር ሥራ አልነበረኝም።

«ለደንቡ ያህል ነው በላቸው» አለኝ ፈረንጁ።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዋስ የሆንኩለት ሰው ቢጠፋ እጃጂ ድረስ ሄጄ አባቱን እይዛለሁ። የዚህን ኩባንያ አባት የት አገኘዋለሁ?»

ስተረጉምለት ፈረንጁ ሳቀ። «ኩባንያ አባት የለውም፤ ያሉት ባለአክሲዮኖች ናቸው።»

«ይባስ! አባቱ ብዙ ነው በለኛ!»

ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው ጌዶ ላይ የሚፈርም ሰው አላጣም።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ኦቦ ገጣሚ፣ አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ትፈርማለህ?»

ሁለቱም አፍ አፌን ያዩኛል።

«አልፈርምም፣ ጋሼ።»

«ምን አልካቸው?» አለኝ ፈረንጁ። ያልኩትን ሳልቀንስ ነገርኩት። ባርኔጣውን አነሳና ዞር ብሎ ሳያየኝ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።