ከጥምቀት በፊት የተከልኩት ጎመን

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ቀሐ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች ጠፍ ሆነው ቆይተው ነበር። ኋላ የከተማው ሹም ለሚፈልግ ሰው ማከፋፈል ሲጀምር ለእኔም አንድ ቁራጭ ደረሰኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማክሰኝት ከባሌ ተፋትቼ፣ ክረምቱ እንደወጣ ጎንደር ወንድሜ ቤት ተጠግቼ ነበር። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ድመቷን «ሂጂ ከዚህ፣ ቤት የለሽም ወይ!» ስትል የምታየው እኔን ነው። የቦታው ጥግ ጎጆ መቀለሻ ይበቃል። ጎጆዬን ከቀለስኩ የሰው ፊት አላይም አልኩ።

ሹሙ ግን ቃል አስገብቶኛል። ጥምቀት እንዳለፈ መጥቶ ሲያይ ለምልሞ ካላገኘው፣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ታኅሣሥ ሳይጋመስ ቆፈርኩ፣ መደብ አወጣሁ፣ ከወንዙ በቦይ ውሃ ስቤ ጎመንና ሽንኩርት ተከልኩ። ነባሮቹ ባለአትክልቶች መሬታቸውን ገልብጠው ቁጭ ብለዋል። ስንፍናቸው ገረመኝ። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ዶማቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«እቴ፣ ምነው ተጣደፍሽ? ጥምቀት ይለፍ እንጂ» አሉኝ።

«አያ፣ በዓል ሲጠብቅ የሚከርም ጾሙን ያድራል» አልኳቸው። ሳቅ አሉ።

ጎመኑ ሸጋ ሆኖ ያዘ። ገና ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ብሄድ ቦዩ ደርቋል፤ ወንዙም እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ሆኗል። ደሜ ፈላ። ከላይ ያለ አንዱ ባለአትክልት ጠልፎብኝ ነው ብዬ፣ ነጠላዬን ታጥቄ፣ «ውሃዬን የዘጋ ጉሮሮው ይዘጋ!» እያልኩ ሽቅብ ወጣሁ። ደርሼ ሳይ ውሃውን በድንጋይና በጭቃ ገድበው የሚመልሱት ቄሶችና የደብር ሰዎች ናቸው።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ አንዱ ቄስ።

«ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው አባቴ?»

«ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ነዋ! እሱ እስኪሞላ ወደ ታች አይወርድም።»

በእኛ አገር ታቦቱ ወደ ወንዝ ይወርዳል እንጂ ወንዙ ወደ ታቦት አይሄድም። ሽማግሌው ሊነግሩኝ የፈለጉት ይህንኑ ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት ስንፍና ብቻ ነበር። ስራገም ወጥቼ መስቀል ተሳልሜ ወረድኩ። ከማን ጋር ልካሰስ?

ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ከእንስራ ጋር ሆነ። ኩሬው ዙሪያ ልብስ አጣቢዎች ተደርድረዋል፤ የምቀዳው ግማሹ የእንዶድ አረፋ ነው። አንዱን መደብ ሳጠጣ ሌላው ይጠወልጋል። ወገቤ ተቆረጠ። ጎመኑ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ። ጸሎት እንኳ አጣሁ። ውሃው የሄደው ለራሱ በዓል ሆኖ ሳለ፣ እግዜርን ውሃ ስጠኝ ብዬ በምን አፌ ልለምነው?

የከተራ ዕለት እንደ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሼ ሄድኩ። ጥምቀተ ባሕሩ እስከ አፉ ሞልቷል። ሰው እልል ይላል፣ እኔም እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ከውሃው አልነቀል አለ። በማግስቱ ጠበሉን ሲረጩን ፊቴ ላይ ያረፈውን ሳልጠርግ ቆምኩ። ተናድጄ ነበር፤ በመናደዴ ደግሞ ፈራሁ።

በዓሉ እንዳለፈ ሹሙ መጣ። ያገር ሰው አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም። በከዘራው አንዱን የደረቀ ጎመን ነካ አደረገና፣

«ወንዝ አጠገብሽ እያለ ለምን አላጠጣሽውም?» አለኝ።

ሽማግሌው አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ብዬ ዞሬ አየኋቸው። እሳቸውም መሬት መሬቱን ያያሉ። ውሃዬን ታቦት ወሰደብኝ ይባላል?

«ተዘናግቼ ነው ጌታዬ» አልኩ።

«እንግዲያ እንደ ቃላችን ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ቤት ስደርስ የወንድሜ ሚስት ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ሽሙጧን ስጠብቅ፣ የጓዳውን ጥግ ጠርጋ፣ ቁርበት አንጥፋ፣ የራሷን ጋቢ ደርባበት አገኘኋት።

«ነይ፣ አረፍ በይ። ከእንግዲህ እዚህ ነሽ» አለችኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር።