የፍሪጁ ማዞሪያ ጋሼ እንደተወው ነው

ጻፊልኝ ልጄ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዲላ ላይ ዝናብ ሲገባ የፍሪጁን ማዞሪያ ዝቅ ያደርግ ነበር። «አገሩ ሁሉ ቀዝቅዞ ፍሪጁን ምን ያለፋዋል? በከንቱ መብራት ይበላል» ይለኛል። «ደግሞ ለፍሪጅ አዘንክ!» እለዋለሁ፣ እንስቃለን።

በበጋው ሙቀት ማዞሪያውን ከፍ እንዳደረገው ሞተ። አሁን ዝናቡ ገባ፣ ወተቴም በረዶ እየሆነ ነው። አንቺ ደግሞ «እማማ፣ እኔ ዝቅ ላድርገው» ትይኛለሽ። እኔ እንጃ ልጄ። ካልነካነው እሱ የሚጠላው ብክነት ነው። ከነካነው ደግሞ በእጁ ያደረገው ነገር ይጠፋብኛል። ግራ ገባኝ።

እከፍተውና ቆሜ አየዋለሁ። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» እላለሁ። ብርዱ ፊቴን ይመታኛል። «ዝጊው እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ መብራት ፈጀሽ!» የሚለኝ የለም።