ጋሽ ኪራኮስና ዞሮ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን

ጋሽ ኪራኮስ እንግሊዝ አገርን ረግጠው አያውቁም። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የእንግሊዝ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓይናቸው ታስሮ ቢገቡ፣ ዓምዱን ዳብሰው የትኛው ክፍል ውስጥ እንደቆሙ ይነግሩዎታል። ባይጠይቋቸውም ይነግሩዎታል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ጀምረው ሦስተኛ ዓመት ላይ አብዮቱ መጣና ትምህርቱም አገሩም ቀረ። ዋሺንግተን ደርሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ ሲጠፋ መሪው ላይ ዘርግተው የሚያነቡት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ ያገኙትን ስለ እንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ለምን የእንግሊዝ? ቢሏቸው፣ «የላሊበላውንማ ማንም ያውቀዋል» ይላሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ እውቀት የፈለገ ሰው አልነበረም። ሰው ጋሽ ኪራኮስን የሚፈልጋቸው ኤርፖርት ለመሄድ ነው። ባለፈው ዓመት ግን፣ ምድር ቤት ተከራይቶ የሚያስቀድሰው ማኅበራቸው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሊገዛ ሲነሣ፣ ታኮማ ፓርክ የሚባል ሰፈር አጠገብ አንድ ሕንፃ ተገኘ። የዛሬ መቶ ዓመት ከድሮው የእንግሊዝ አጥቢያ ተቀድቶ የተሠራ ነው። ምእመናን የሚቆሙበት ረጅም አዳራሽ አለው፣ ቀጥሎ ጠበብ ያለ የካህናት ክፍል፣ በሁለቱ መካከል የወይን ሐረግ የተቀረጸበት የእንጨት ግርዶሽ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ አራት ማዕዘን የደወል ማማ። ጋሽ ኪራኮስ ፎቶውን ሲያዩ እንባቸው መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ልሳነወርቅ «እስቲ እርስዎ ያጥኑልን» ሲሏቸውማ፣ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አላቸው።

ሦስት እሑድ በተከታታይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማይክራፎን ይዘው አስተማሩ። ስለ ሾጣጣው ቅስት አስረዱ። ጣራው ላይ ዝናብ ስለሚተፉት የድንጋይ አውሬዎች ሲያወሩ አንድ ሕፃን አለቀሰ። አስተዳዳሪው ቀሲስ አለማየሁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ነው?» ታቦት የሚያርፍበት መቅደስ በምሥራቅ በኩል ካልሆነ ነገሩ ከሥሩ አበቃ ማለት ነው።

«አባቴ፣ የእንግሊዝ አጥቢያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያልዞረ ይኖራል? ኮምፓስ እንኳ አያስፈልግም» አሉ ጋሽ ኪራኮስ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

ማኅበሩ ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ወደ ማታ ገደማ፣ ቁልፍ ተቀብለው መቅደሱን ሊለኩ ብቻቸውን ሄዱ። ሜትራቸውን ዘርግተው ቀና ሲሉ፣ ከመንበሩ በላይ ባለው ትልቅ መስኮት ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገባች። ልትጠልቅ የደረሰች ፀሐይ። እንግዲህ ወይ ፀሐይዋ ተሳስታለች፣ ወይ እሳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የጠረጠሩት ፀሐይዋን ነው። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ኮምፓሱን ከፈቱ። የሠሩት ሰዎች መልኩን ከእንግሊዝ ቢቀዱም፣ ዋናው በር አውራ መንገዱን እንዲያይ ብለው ሕንፃውን አዙረው ነው የተከሉት።

እቤት ሲገቡ ባለቤታቸው እትዬ የሺሀረግ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አሏቸው። «ራሴን አሞኝ ነው» አሉ። ዝም ማለት አልታሰባቸውም አይባልም። አርባ ዓመት ጠብቀው አንዴ ቢታመኑ፣ ያችንም አንዴ በገዛ አፋቸው ሊያፈርሷት ነው። የታቦት ነገር ግን ቀልድ አይደለም።

እሑድ በሞላ ስብሰባ ፊት ቆሙ። «ወገኖቼ፣ አሳስቻችኋለሁ። መቅደሱ ያለው በምዕራብ ነው» አሉ። ጩኸቱን ጠበቁ። የጮኸ የለም።

ዶክተር ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ፓርኪንጉ ግን ያው ነው አይደል?» አሉ።

«መቶ ሃያ መኪና» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ እፎይ አለ።

ለካስ ሕዝቡ ከመጀመሪያውም የወደደው ፓርኪንጉን ኖሯል! የሦስት እሑድ ትምህርት ነፋስ ወስዶታል። ጋሽ ኪራኮስን ከስህተታቸው ይልቅ ይኼ አንገበገባቸው። ስህተታቸውን እንኳ ልብ ያለው የለም።

ቀሲስ አለማየሁ ግን እጃቸውን አነሱ። «ፓርኪንግ ላይ አንቀድስም። መቅደሱ የት ይሁን?»

ያኔ ከሴቶቹ ወገን እትዬ የሺሀረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። በስብሰባ ተናግረው አያውቁም።

«አባቴ፣ በእንግሊዞቹ ዘንድ የደወሉ ማማ አብዛኛውን ጊዜ በምዕራብ ጫፍ ነው። ይኼኛው ዞሮ ከተሠራ፣ ማማው ምሥራቅ ላይ ዋለ ማለት ነዋ። ከማማው ሥር ያለው ክፍል በትልቅ ቅስት ነው ወደ አዳራሹ የሚከፈተው። ቅስቱ ላይ መጋረጃ ይጣልና መቅደስ ይሁን። በማማው በኩል ያለው የመንገዱ በር ይዘጋ፣ ሰው በጎን በር ይግባ። እንግሊዞቹም ዱሮ በጎን ነበር የሚገቡት። ሕንፃው አይዞርም፤ እኛ ግን እግር አለን፣ ዞረን እንቆማለን።»

ቀሲስ አለማየሁ ወደ ጋሽ ኪራኮስ ዞሩ። «እውነታቸውን ነው?»

ጋሽ ኪራኮስ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከባለቤታቸው ንግግር አንዲት የምትታረም ቃል አልነበረችም። ወዲያው ወረቀትና እርሳስ ቀረበላቸውና ቀሲስ «እንግዲያው ይንደፉልን» አሏቸው። የማማውን አራት ግድግዳ አሰመሩ። እትዬ የሺሀረግ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ይኼን ሁሉ የት ተማርሽ?» አሉ ጋሽ ኪራኮስ በሹክሹክታ።

«ሳህን ሳጥብ። አርባ ዓመት ከጀርባዬ ቆመህ ስታወራ፣ ለግድግዳው የምትነግረው መስሎህ ነበር?»

ጋሽ ኪራኮስ አፈሩ፤ ካፈሩትም በላይ ደስ አላቸው። እርሳሱን አስቀምጠው ባለቤታቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልመለስሽልኝም?»

«መቼ ፋታ ሰጠኸኝ?»